ጋሼና የኮምፒውተሯ ልጅ

ኦቶካድን ያስተማሩኝ ሁለት ሰዎች ናቸው። አንደኛው ዕድሜ ልካቸውን ማውስ ነክተው አያውቁም።

ጊዜው የ1990ዎቹ መጀመሪያ ነው፤ ቦታው አዲስ አበባ፣ ከሜክሲኮ ወደ ልደታ በሚወስደው መንገድ ላይ ሁለት ክፍል ተከራይቶ ይሠራ የነበረ ትንሽ የአርክቴክቸር አማካሪ ቢሮ። እኔ ድራፍቲንግ ተምሬ ገና ከቴክኒክ ትምህርት ቤት መውጣቴ ነበር። የስዕል ክፍሉን የሚመሩት ጋሼ ደግሞ የሕንጻ ኮሌጅ ሰው ናቸው፤ ያ እ.ኤ.አ. በ1954 በኢትዮጵያና በስዊድን ትብብር የተቋቋመው፣ ልደታ ያለው ኮሌጅ። ከዚያ የወጣ ሰው መስመር ሲያሰምር ያስታውቃል ይባል ነበር፤ የጋሼ መስመር በእርግጥም ያስታውቃል። ቀጭኑ ቀጭን፣ ወፍራሙ ወፍራም ነው። የተቆረጠ ግድግዳና ከኋላ የሚታይ ግድግዳ በእሳቸው ወረቀት ላይ ተምታተው አያውቁም።

ጠረጴዛቸው በመስኮቱ በኩል ነበር። ቲ-ስኩዌሩ፣ ሴት-ስኩዌሮቹ፣ ባለ ሦስት ማዕዘኑ ስኬል፣ የፊደል ስቴንስሉ፣ ሁሉም ቦታ ቦታ አላቸው። ከሮትሪንግ ብዕሮቻቸው አንዱን ሲያነሱ ቁጥሩን አያነቡም፤ ቀለበቱን ነው የሚያዩት። 0.18 ቀይ ነው፤ 0.25 ነጭ፣ 0.35 ቢጫ፣ 0.5 ቡናማ፣ 0.7 ሰማያዊ። እያንዳንዱ ብዕር ከፊተኛው 1.4 ጊዜ ያህል ይወፍራል። ወረቀትም ከኤ3 ወደ ኤ2፣ ከኤ2 ወደ ኤ1 ሲሄድ ጎኑ የሚያድገው በዚሁ ልክ ስለሆነ፣ ስዕል ሲተልቅ ወይም ሲያንስ አንዱ ብዕር የሌላውን ቦታ ይይዛል። ይህን የነገሩኝ ጋሼ ናቸው፤ ትምህርት ቤት አልሰማሁትም። ቀለም የተንጠባጠበ እንደሆነ በምላጭ ቀስ ብሎ መፋቅ ነው። ሥራው ሲያልቅ ትሬሲንግ ወረቀቱ ወደ ብሉፕሪንት ማሽኑ ይገባና የአሞኒያው ሽታ ኮሪደሩን ይሞላዋል፤ ደንበኛ ዓይኑን እየጠራረገ ነው የሚገባው።

ከዕለታት አንድ ቀን የቢሮው ባለቤት ኮምፒውተር ገዝተው መጡ። ፔንቲየም ነው፤ ሚሞሪው 32 ሜጋባይት፤ ሞኒተሩን ሁለት ሰው ተጋግዞ ነው ደረጃውን ያወጣው። የተጫነበት እ.ኤ.አ. በ1997 የወጣው፣ ሪሊዝ 14 የሚባለው ኦቶካድ ነበር። ፕሮግራሙ ያኔም ልጅ አልነበረም፤ የመጀመሪያው ኦቶካድ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1982 ነው። ለእኛ ቢሮ ግን ገና እንግዳ ነበር። ከኮምፒውተሩ ጋር አንዲት ወጣት ተቀጠረች፤ ሁላችንም «የኮምፒውተሯ ልጅ» አልናት።

ሥራዋን ሳይ መጀመሪያ የገረመኝ ግራ እጇ ነው። ከላይ የተደረደሩትን ባለ ስዕል ቁልፎች ዞር ብላም አታያቸውም። ኤል ኢንተር፣ መስመር። ኦ ኢንተር፣ ኦፍሴት። ቲ-አር ትሪም፣ ኤፍ ፊሌት። ቀኝ እጇ ማውሱ ላይ፣ ግራዋ ኪቦርዱ ላይ፤ ዓይኗ ግን ከስክሪኑ ግርጌ፣ ኮማንድ ላይን ከሚባለው ጠባብ መስመር አይነቀልም። እኛ ማሽኑ ሲያስቸግረን «ኧረ ምን ነካው?» ብለን ስንጮህ የእሷ መልስ አንድ ነበር።

«ታች ምን ይላል?»

ታች የሚለውን ብናነብ ኖሮ ግማሹ ጣጣ ባልኖረ። ማሽኑ ሁለተኛውን ነጥብ እየጠየቀ፣ እኛ ሌላ ትእዛዝ እንጽፋለን። «ዕቃ ምረጥ» እያለ፣ እኛ እሺታ እየጠበቅን እናፈጥበታለን። እሷ እስኬፕን ሁለቴ ትጫንና ነገሩን ከሥሩ ትጀምረዋለች። አንድ ጠዋት ፋይል ለመክፈት ስንሞክር የለመድነው መስኮት አልወጣ አለ። ኮምፒውተሩን አጥፍተን አስነሳነው፤ ያው ነው። ፕሮግራሙን አውጥተን እንደገና እንጫነው ወደሚል ምክር ስንሄድ ልጅቷ ደረሰች። ታች የፋይሉን ስም በጽሑፍ እየጠየቀ ነበር። ፋይል-ዲያ ብላ ጻፈች፤ ዋጋው 0 ሆኗል፤ 1 አደረገችው፤ መስኮቱ ተመለሰ። አንድ የተቋረጠ ትእዛዝ ነበር አጥፍቶት የሄደው። ዛሬም ይህ ችግር ሲገጥማቸው ፕሮግራሙን እንደ አዲስ የሚጭኑ ልጆች አያለሁ።

ጋሼ መጀመሪያ ሰሞን ወደ ማሽኑ አይጠጉም ነበር። ወደ እኛ ያመጣቸው የጠፋ ቤት ነው። የአንድ ደንበኛን ቪላ ፕላን ጨርሰን ሳይት ፕላኑ ላይ ልናስቀምጠው ነው። አንድ ቀያሽ ልጅ በይዞታ ካርታው ላይ ያሉትን የወሰን ድንጋዮች ቁጥሮች እንዳሉ አስገባ። ስክሪኑ ባዶ ሆነ። የኮምፒውተሯ ልጅ ዚ ኢንተር፣ ኢ ኢንተር አለች፤ ማለትም «ያለውን ሁሉ አሳየኝ»። ሁለት ነጠብጣብ ብቻ ታየ፤ አንዷ ግራ ታች ጥግ፣ ሌላዋ ቀኝ ላይ ጥግ። ቤቱ አንዷ ነጥብ ነው፤ ቦታው ሌላዋ።

ምክንያቱ ወዲያው አልገባንም እንጂ ቀላል ነበር። ፕላኑን የሠራነው ከዜሮ ዜሮ አጠገብ ነው። የአዲስ አበባ ካርታዎች ቁጥር ደግሞ የዩቲኤም ዞን 37 ስለሆነ ኤክሱ ወደ 472,000፣ ዋዩ ወደ 997,000 ሜትር ይጠጋል። የዚህ ዞን ዜሮ ዜሮ የሚያርፈው ከምድር ወገብ ላይ፣ ምዕራብ ኬንያ ውስጥ፣ ከቪክቶሪያ ሐይቅ ብዙም ሳይርቅ ነው። ልጅቷ ርቀቱን ለካችው፤ ወደ 1,100 ኪሎ ሜትር ሆነ። ጋሼ ከጠረጴዛቸው ሆነው ይሰሙ ነበርና መነጽራቸውን አወለቁ።

«ታዲያ ሰውዬው ከሥራ ሲወጣ በአውሮፕላን ነው ቤቱ የሚገባው?»

ከዚያ ቀን በኋላ ወንበራቸውን ወደ ኮምፒውተሩ ማስጠጋት ጀመሩ። ያወጡት ሥርዓትም ለብዙ ዘመን አገለገለን። ቤቱ ምንጊዜም ከዜሮ ዜሮ አጠገብ በራሱ ፋይል ይሠራል። ሳይት ፕላኑ የካርታውን ትክክለኛ ቁጥር ይዞ በሌላ ፋይል ይቀመጣል፤ ቤቱም እዚያ ላይ በኤክስሬፍ፣ ማለትም የሌላ ፋይል ማጣቀሻ ሆኖ፣ ይጠራል። ይህ ለንጽሕና ብቻ አይደለም። ስዕል ከመነሻው በጣም ሲርቅ ማሽኑ ስሌቱ ይዛነፍበታል፤ ሃች የሚባለው መሙያ ይሰባበራል፣ መስመር ይንቀጠቀጣል። በኋላ የመጡት ስኬችአፕም ሆነ አርኪካድ በዚህ በኩል ከኦቶካድ አይሻሉም። አንድ ስዕል ያለ ምክንያት ሲያብድባችሁ መጀመሪያ አይ-ዲ ብላችሁ አንዱን ማዕዘን ንኩት። ቁጥሩ በሚሊዮን የሚቆጠር ከሆነ መድኃኒቱ ተገኝቷል።

ሃቹ ደግሞ የጋሼን ክብር ከፍ ያደረገ ጉዳይ ነው። የብሎኬት ግድግዳውን ልንሞላው እንሞክራለን፤ ማሽኑ የተዘጋ ወሰን አላገኘሁም ይላል። ልጅቷ ታቹን አነበበች፤ ታች የሚለውም ይኸንኑ ነው። በዓይናችን ሁሉም መስመር ገጥሟል። ጋሼ ጎንበስ ብለው አዩ።

«ልጄ፣ እስቲ ያቺን የመኝታ ቤቱን ማዕዘን አቅርቢልኝ።»

አቀረበችው፤ ምንም የለም። «ጨምሪ።» ጨመረች። «ጨምሪ እንጂ!» ደጋግማ ካቀረበችው በኋላ ሁለቱ መስመሮች ተለያይተው ታዩ፤ ከሚሊ ሜትር ያነሰ ክፍተት ነበር። ልጅቷ በመገረም ዞራ «ጋሼ፣ እንዴት አወቁ?» አለቻቸው።

«በሩን ትናንት ወደ ጥግ ስታስጠጉት አይቻለሁ። በር ሲሄድ ግድግዳ ይነካል።»

እሳቸው በትሬሲንግ ላይ ሲሠሩ ማዕዘን ላይ ሁለቱን መስመሮች በጥቂቱ አሳልፈው ያቋርጧቸዋል። እኔ ለውበት ይመስለኝ ነበር። ለካ ማዕዘኑ መግጠሙን ለሚያነበው ሰው ማረጋገጫ መስጠታቸው ነው። ማሽኑ የሚጠይቀን ያንኑ ነበር። ልጅቷ ፊሌት ብላ ራዲየሱን ዜሮ አደረገች፤ ሁለቱን መስመሮች ነካቻቸው፤ ገጠሙ፤ ሃቹም ሞላ። በኋለኞቹ ስሪቶች ኦቶካድ ራሱ ክፍተቱን በቀይ ክብ ያመለክታል፤ ትንሽ ክፍተት ችሎ እንዲሞላ ማዘዝም ይቻላል። ጋሼ ቢኖሩ ይህን ሁለተኛውን አይወዱትም ነበር፤ እኔም አልወደውም። ያልገጠመው ማዕዘን ሃቹ ስር ተደብቆ ይቆይና ስፋት ስናሰላ ወይም ወደ ሦስት ዳይሜንሽን ስንወስደው ይወጣል።

እንዲህ እያለ አንድ ነገር እየገባኝ ሄደ። የኮምፒውተር ችግር ከምንለው እኩሌታው የስዕል ችግር ነው፤ ጋሼ ማሽኑን ሳያውቁ የሚፈቱት ለዚህ ነበር። የቀረውን ደግሞ ማሽኑ ራሱ ይናገራል፤ ልጅቷ የምትፈታው ማንበብ ስለማትሰለች ነው። ሁለቱ ጎን ለጎን ሲቀመጡ የማይፈታ ችግር እምብዛም አልነበረም።

የመጀመሪያው ፕሎት የወጣ ዕለት ግን ጋሼ ተቆጡ። መስመሩ ሁሉ አንድ ዓይነት ውፍረት ነበረው። «ይሄ ፕላን አይናገርም» ብለው ወረቀቱን መለሱላት። ልጅቷ አልተከፋችም፤ ብዕሮቻቸውን እንዲያሳዩዋት ጠየቀቻቸው። ቀለበቶቹን አይታ ሳቀች። በኦቶካድ ለእያንዳንዱ የስክሪን ቀለም የብዕር ውፍረት ይሰጠዋል፤ በዚያ ዘመን የመስመር ውፍረት የሚለየው በዚሁ ነበር። ስለዚህ ቀይን 0.18፣ ነጭን 0.25፣ ቢጫን 0.35፣ ሰማያዊን 0.7 አደረገቻቸው። ቡናማ ከሰባቱ መደበኛ ቀለሞች መካከል ስለሌለ 0.5ን ለአረንጓዴ ሰጠችው። ጋሼ ከዚያ በኋላ ስክሪኑን ሲያዩ ብዕሮቻቸውን እንደሚያዩ ሆኑ። «ያ ደረጃ ለምን ሰማያዊ ሆነ? አልተቆረጠም እኮ!» ይላሉ፤ ልክም ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1999 ኦቶካድ 2000 ሲወጣ ይህ ሁሉ ሲቲቢ በሚባል ፋይል መቀመጥ ጀመረ። ዛሬ ፕሎታችሁ ደብዛዛ ወይም ባለ ቀለም ሆኖ ከወጣ መጀመሪያ የሚታየው እሱ ነው፤ ሞኖክሮም የሚለውን መርጣችሁ ሞክሩት።

የአክሲስ መስመሮቹም እንዲሁ አስቸግረው ነበር። ነጥብና ሰረዝ ሊሆኑ የሚገባቸው ድፍን ሆነው ይወጣሉ። ኤልቲ-ስኬል የሚባለው ቁጥር ከስዕሉ ሚዛን ጋር አልተመጣጠነም። በሚሊ ሜትር ተሠርቶ በ1:100 ለሚታተም ፕላን ከ50 እስከ 100 ባለው መካከል መሞከር ይበቃል፤ በሜትር ለተሠራ ደግሞ ከ1 በታች ይወርዳል።

ከሁሉ በላይ የምስቀው በመንትያዎቹ ቤቶች ታሪክ ነው። ሁለት ወንድማማቾች አንድ ቦታ ተካፍለው ተመሳሳይ ቪላ ጎን ለጎን ሊሠሩ ፈለጉ። ኮምፒውተር ለዚህ ነው የተፈጠረው አልን፤ አንዱን ሠርተን ሚረር አደረግነው። ሁለተኛው ቤት ላይ «ሳሎን»፣ «መኝታ ቤት»፣ «ጓዳ» የሚሉት ጽሑፎች ሁሉ ተገልብጠው ከቀኝ ወደ ግራ ወጡ። በድሮዎቹ ስሪቶች ሚር-ቴክስት የሚባለው ቅንብር ከመጀመሪያው 1 ሆኖ ነበር የሚመጣው። ልጅቷ 0 አድርጋ እንደገና ገለበጠችው፤ ጽሑፉ ተስተካከለ። ወረቀቱን በኩራት ለጋሼ ወሰድንላቸው።

«ጽሑፉን አስተካክላችኋል» አሉ ጥቂት አይተው። «ፀሐዩንስ?»

ዝም አልን።

«የታላቅየው መኝታ ቤት ጠዋት ፀሐይ ያገኛል። የታናሽየው ምዕራብ ዞሯል። ከሰዓት በኋላ ይጋገራል።»

ለዚህ ቅንብር የለውም። ለታናሹ ቤት መኝታ ቤቶቹን ወደ ኋላ አዙረን መስኮቶቹን እንደገና አወጣን። ደንበኞቹ ከፊት ለፊት ሲያዩት ሁለቱ ቤቶች እንደ ተመኙት አንድ ዓይነት ናቸው፤ ውስጣቸው ግን ይለያያል።

የአማርኛ ጽሑፍ ሌላው ፈተናችን ነበር። ርዕስ ሳጥኑ ላይ የባለቤቱን ስምና ቀበሌውን በአማርኛ እንጽፋለን፤ እኛ ቢሮ በደንብ ይነበባል። ፋይሉ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ግን የላቲን ፊደልና ምልክት ድብልቅ ይሆናል። የዚያን ጊዜዎቹ የአማርኛ ፎንቶች የእንግሊዝኛውን ፊደል ቦታ ተውሰው የሚሠሩ ስለነበሩ፣ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር የሚታየው ባለቦታው ነው። የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ የራሱን ቦታ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር ኒያላ ፎንት ሲመጣ ደግሞ ነገሩ ቀለለ። አሁንም ግን ኦቶካድ ውስጥ አማርኛ ስትጽፉ ጥያቄ ምልክት ብቻ ከተደረደረ፣ የጽሑፉ ስታይል የተያዘው ኤስኤችኤክስ በሚባሉት የፕሮግራሙ ፎንቶች ነው ማለት ነው። እነሱ ግዕዝ አያውቁም። ስታይል ብላችሁ ኒያላን ወይም ሌላ የዩኒኮድ ፎንት ስጡት። ለሰው ስትልኩ ደግሞ ኢ-ትራንስሚት አድርጋችሁ ወይም ፒዲኤፉን አብራችሁ ላኩ። ያኔ ይህ ሁሉ አልነበረምና ልጅቷ የምታደርገው ሌላ ነበር፤ ርዕስ ሳጥኑን ባዶውን ታትማለች፣ ጋሼ በብዕራቸው ይጽፉበታል። ስዕሉ የማሽን፣ ስሙ የጋሼ እጅ ጽሑፍ። እንደዚያ ያሉ ፕላኖች ዛሬም አንዳንድ ቤት ይገኛሉ።

ፋይል የሚዞረው በፍሎፒ ነው፤ ፍሎፒ ደግሞ 1.44 ሜጋባይት ብቻ ነው የሚችለው። አንድ ተራ ቪላ ከዚያ በላይ ሲሆንብን ፐርጅ እንላለን። ከየቦታው የተለቀሙ፣ ስዕሉ ላይ የሌሉ ግን ፋይሉ ውስጥ የተወዘፉ ብሎኮችና ሌየሮች ተጠርገው ይወጣሉ። ይህን አንድ ጊዜ ብቻ ማድረግ አይበቃም፤ ብሎክ በብሎክ ውስጥ ስላለ የሚወጣ እስኪጠፋ መደጋገም ነው። ዛሬ ፍላሹ ሰፊ ነው ብሎ ይህን የሚተው ብዙ ነው። ፋይሉ ሲንቀራፈፍ ግን መድኃኒቱ ያው ነው፤ ፐርጅ፣ ቀጥሎ ኦዲት፣ ቀጥሎ የተደራረቡ መስመሮችን የሚያጠፋው ኦቨርኪል። ይህ ሁሉ ካልረዳ ስዕሉን ብቻ መርጦ ወደ አዲስ ፋይል መቅዳት ነው።

መብራት የሄደ ዕለትስ? ዩፒኤሱ የሚይዘው ጥቂት ደቂቃ ነው፤ እሱም ሲያረጅ ጩኸቱ ብቻ ይቀረዋል። አንድ ከሰዓት በኋላ ነገ የሚሰጥ ፕላን እየተሠራ መብራቱ ድርግም አለ። ሲመለስ ፋይሉ አልከፈት አለ። ክፍሉ ውስጥ ለቅሶ ቤት የሆነ ያህል ፀጥታ ሰፈነ። ልጅቷ ግን ተረጋግታ ማህደሩን ከፈተች። ከፋይሉ አጠገብ ተመሳሳይ ስም ያለው፣ መጨረሻው ባክ የሚል ፋይል አለ። መጨረሻውን ወደ ዲደብልዩጂ ለወጠችው፤ ተከፈተ። ከመጨረሻው ሴቭ በፊት የነበረው ስዕል ነው። ቀጥላ ቴምፕ ከሚባለው ማህደር፣ መጨረሻው ኤስቪና የዶላር ምልክት የሆነውን አገኘች፤ ማሽኑ በየጊዜው በራሱ የሚያስቀምጠው ቅጂ ነው። እሱንም ስሙን ቀይራ ስትከፍተው ከባኩ የተሻለ ሆኖ ተገኘ። ሁለቱንም ለማየት ዊንዶውስ የፋይል መጨረሻዎችን እንዲያሳይ ማዘዝ ያስፈልጋል፤ ብዙ ሰው ባኩ ዓይኑ ሥር እያለ የሚያጣው በዚህ ነው። ከዚያ ወዲያ ሴቭ-ታይምን 10 ደቂቃ ላይ አደረግነው። ጋሼ «ትሬሲንግ እኮ መብራት ቢሄድም አይጠፋም» አሉ፤ የሚመልስላቸው አልተገኘም።

የቤት ዕቃውን ነገር ሳላነሳ አላልፍም። ከፕሮግራሙ ጋር የመጣው የብሎክ ክምችት የሌላ አገር ቤት ነው። የእሳት ምድጃ አለ፤ ባለ ሁለት በር ፍሪጅ አለ፤ የእንጀራ ምጣድ የለም። አንዲት ደንበኛ እናት መጥተው ስክሪኑ ላይ የወጥ ቤታቸውን ፕላን ሲያዩ ዕቃዎቹን ሁሉ በጣታቸው ቆጥረው «ታዲያ እንጀራው የት ነው የሚጋገረው?» አሉ። ጋሼ ወዲያው ሜትራቸውን ይዘው ጎረቤት ምግብ ቤት ወረዱ። የኤሌክትሪክ ምጣዱን አክንባሎው ተነስቶ ለኩት፤ ዲያሜትሩ ወደ 60 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ጋጋሪዋ የምትቆምበትን፣ ሊጡ የሚቀመጥበትን፣ ሰፌዱ የሚዘረጋበትን ሁሉ ለክተው መጡ። ልጅቷ ብሎክ አደረገችው። ሌየር 0 ላይ ነው የሠራችው፤ እንዲያ ሲሆን ብሎኩ የገባበትን ሌየር ቀለምና ውፍረት ይወስዳል። ከምጣዱ በኋላ የሰርቪስ ቤቱ፣ የውኃ ሮቶው፣ የልብስ ማጠቢያው ገንዳ፣ የከሰል ምድጃው ተከተሉ። ያ የብሎክ ፋይል በፍሎፒ ከቢሮ ቢሮ ዞሯል። ዓመታት አልፈው በማላውቀው ቢሮ ፕላን ላይ ያንን ምጣድ፣ ከጎኑ ጋሼ የለኩትን የጋጋሪዋን መቆሚያ ጨምሮ አይቼዋለሁ።

ኋላ ሌሎቹ ፕሮግራሞች መጡ። እ.ኤ.አ. በ2006 ጉግል ስኬችአፕን ገዝቶ በነጻ የሚገኝ ቅጂ ሲያወጣ ደንበኛ ቤቱን አዙሮ ማየት ጀመረ። ሀንጋሪዎች የሠሩት አርኪካድና ኦቶዴስክ እ.ኤ.አ. በ2002 የገዛው ሬቪት ደግሞ መስመር ትተን ግድግዳ እንድንሠራ አስገደዱን። ሁለቱ ያስተማሩኝ ግን እዚያም አልከሸፈም። አርኪካድ ላይ ሁለት ግድግዳ ማዕዘን ላይ አልዋሃድ ካለ፣ ቆዳዎቻቸው የተገናኙ ቢመስሉም ሪፈረንስ መስመሮቻቸው አልገጠሙም፤ የጋሼ ማዕዘን ነው። ሬቪት ላይ የመታጠቢያ ቤቱ ከፍ ያለች መስኮት ፕላን ላይ ጠፋች ተብሎ ይጮሃል። ፕላን ማለት ቤቱን ከወለሉ 1.20 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ መቁረጥ ነው፤ ከዚያ በላይ የምትጀምር መስኮት ቢላዋው አያገኛትም። ቪው ሬንጁን ማስተካከል ወይም ለዚያች ክፍል ብቻ ፕላን ሪጅን ማድረግ ይበቃል። ጋሼ ያችን መስኮት በትሬሲንግ ላይ በሰረዝ መስመር ነበር የሚያሳዩዋት።

ልጅቷ ዛሬ የራሷ ቢሮ አላት። ጋሼ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ማውስ አልነኩም፤ ነገር ግን ያለ እሳቸው ፊርማ አንድ ወረቀት ከዚያ ቢሮ አልወጣም። ፊርማቸው ደግሞ ማሽኑን አያምንም ነበር። ለዚህም ያበቃቸው አንድ ግንበኛ ነው።

ሰውዬው ዛሬ ለሚ ኩራ በሚባለው አካባቢ የአንድ ቤት መሠረት እያወጣ ነበር። ከሳይት ተነስቶ፣ ሲሚንቶ የነካውን ፕላን በእጁ ይዞ ቢሮ ድረስ መጣ። በሲጋራ ካርቶን ጀርባ ላይ ቁጥሮች ደምሯል።

«ጋሼ፣ የውስጡ ክፍሎች ከነግድግዳቸው ሲደመሩ ከውጭው ልኬት በ12 ሳንቲ ይበልጣሉ። የትኛውን ልከተል?»

ፋይሉ ተከፈተ። ማሽኑ የለካው ትክክል ነው። ነገር ግን አንድ ሰው በችኮላ የአንዱን ክፍል ግድግዳ ማንቀሳቀስ ታክቶት፣ የልኬቱን ቁጥር ሰርዞ ደንበኛው የሚፈልገውን 4.00 በእጁ ጽፎበታል። መስመሩ 3.88 ነው፤ ቁጥሩ 4.00 ይላል። ማን እንደሆነ ጋሼ አልጠየቁም። ልጅቷ የተጻፈውን ቁጥር አጥፍታ በቦታው ሁለቱን የማዕዘን ቅንፎች ብቻ አስገባች፤ ኦቶካድ እነሱን ሲያገኝ ትክክለኛውን ልኬት ራሱ ይመልሳል። ከዚያም ግድግዳው በሥርዓቱ ተነቃንቆ ፕላኑ እንደገና ታተመ። ጋሼም አንድ ደንብ አወጡ። ማንኛውም ፕላን ከመፈረሙ በፊት፣ ያልሠራው ሰው ልኬቶቹን በካልኩሌተር ይደምራል፤ ውስጡ ከውጩ ካልገጠመ ወደ ማሽኑ ይመለሳል። ሶፍትዌሩ ስሌት አይሳሳትም የሚለውን ክርክር አልሰሙትም፤ እኔም ዛሬ ከልጆቼ ጋር ስሠራ አልሰማም።

ግንበኛው አዲሱን ፕላን ተቀብሎ ሊወጣ ሲል ከበሩ ተመለሰ።

«አንድ ነገር ላስቸግራችሁ» አለ። «ቁጥሩን ትንሽ አተልቁት። ሲሚንቶ ሲነካው 3ቱና 8ቱ አይለዩም።»

ልጅቷ እዚያው ፊቱ ስሌቱን ሠራች። በ1:50 በሚታተም ስዕል ላይ ቁጥሩ ወረቀት ላይ 3 ሚሊ ሜትር እንዲሆን፣ ፋይሉ ውስጥ 150 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት፤ በ1:100 ደግሞ 300። አተለቀችና አትማ ሰጠችው፤ ሰውዬው ወረቀቱን ክንዱን ዘርግቶ አርቆ ያዘና አነበበው። የልኬት ቁጥር ከ3 ሚሊ ሜትር እንዳያንስ የሚለውን ደንብ ይዤው የዞርኩት ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው፤ ምንጩን ለሚጠይቁኝ ሁሉ የምነግረውም የግንበኛው መሆኑን ነው።